በጠፈር ያልተመታው አድማ



መጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከዚያ አፈርሰዋለሁ።

በ1973 መጨረሻ ስካይላብ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር። (ቀኖቹና ዓመቶቹ፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሂዩስተን የተቀመጡት አለቆች ከአቅም በላይ ሥራ ጫኑባቸው። ሲበሉ ሥራ፣ ሊተኙ ሲሉ ሥራ። ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ መከሩና ዲሴምበር 28 ቀን ራዲዮውን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ቁልቁል ምድርን እያዩ አረፉ። ምድር ላይ ያለው ሹም ሁሉ ተርበተበተ። ሰው ልኮ እንዳያስገድዳቸው 435 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ናቸው። እጁን ሰጠ፣ ሥራውም ተቃለለ። ቂሙ ግን አልቀረም፤ ሦስቱም ከዚያ በኋላ ጠፈርን አላዩም።

ጥሩ ታሪክ ነው። ግፍ አለበት፣ እምቢታ አለበት፣ ድል አለበት፣ ቅጣት አለበት። በጋዜጣም በመጽሐፍም ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲነገር ኖሯል። በ1980 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት «አድማ በጠፈር» የሚል ርዕስ ሰጥቶ የተማሪዎች መወያያ አድርጎታል። የነገ ሥራ አስኪያጆች ሠራተኛን ስለ መያዝ የተማሩት ካልተደረገ ነገር ነው ማለት ነው።

የሥራው ብዛት እውነት ነው። ዳግመኛ አለመብረራቸውም እውነት ነው። አድማው ግን አልነበረም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ልብ ወለድ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ከሥሩ የተቀበረው እውነተኛ ነገርም ምን እንደ ነበር ነው። እውነተኛው ከተረቱ የበለጠ ያስገርመኛል።

ሰዎቹ እነማን ነበሩ? አዛዡ ጄራልድ ካር የማሪን ጦር አብራሪ ነው። ዊልያም ፖግ በኮሪያ ጦርነት የተዋጋ፣ በኋላም ታንደርበርድስ በተባለው የአየር ኃይል ትርኢት ቡድን ውስጥ የበረረ መኮንን ነው። ሳይንቲስቱ ኤድዋርድ ጊብሰን ብቻ ነበር፤ በካልቴክ ዶክትሬቱን ሠርቶ ስለ ፀሐይ ፊዚክስ መጽሐፍ የጻፈ ሰው። ሦስቱም ከዚያ በፊት ጠፈር ወጥተው አያውቁም። «ያመፁት ሳይንቲስቶች» ከሚሏቸው ከሦስቱ ሁለቱ እንግዲህ ትእዛዝ መቀበል የኖሩበት ወታደሮች ናቸው።

ጣቢያው ራሱ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ ቁስለኛ ነበር። ሜይ 14 ቀን 1973 ሲተኮስ፣ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ መጨረሻ ላይ፣ ከሙቀትና ከጠፈር ጠጠር የሚከላከለው ሽፋን ተገንጥሎ ሄደ። አንዱን የፀሐይ ኃይል ክንፍ ይዞት ጠፋ፤ ሌላው ክንፍ ተቆላልፎ አልዘረጋ አለ። የመጀመሪያው ቡድን ጃንጥላ መሰል ጥላ ዘርግቶ፣ የተያዘውን ክንፍ ቆርጦ አስለቅቆ ቤቱን አዳነውና 28 ቀን ተቀመጠ። ሁለተኛው ቡድን 59 ቀን ሠራ፤ ከታቀደለትም በላይ ሠራ። ለሦስተኛው ቡድን መከራ የሆነው ይህ የሁለተኛው ቡድን ትጋት ነው።

ካር፣ ፖግና ጊብሰን ኖቬምበር 16 ቀን 1973 ተነሡ። በመጀመሪያው ምሽት ፖግ አስመለሰው። ክብደት በሌለበት ቦታ የውስጥ ጆሮ ስለሚምታታ ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ነውርም አይደለም። ሦስቱ ግን ተመካከሩ። ሐኪሞቹ ይሸበራሉ፣ ሥራ ይጓተታል፣ ስለዚህ አንናገር፤ ከረጢቱን ከቆሻሻ ጋር እንጣለው አሉ። ልብ በሉ፣ በዚያ ጣቢያ ከሰውነት የሚወጣ ነገር ሁሉ ለሕክምና ጥናት የሚመዘን ነው፤ ከረጢት መጣል ማለት ከጥናቱ ላይ መስረቅ ነው። ይህን ሁሉ ሲመክሩ የጣቢያው ቴፕ መቅረጫ እየሠራ መሆኑን ረሱ። ቴፑ እንደ ወትሮው ወደ ምድር ተላከ፣ ተገለበጠ፣ ተነበበ። የጠፈርተኞች አለቃ አለን ሼፐርድ፣ በ1961 ከአሜሪካውያን ሁሉ ቀድሞ ጠፈር የወጣው ሰው፣ ዓለም እየሰማ በራዲዮ ገሠጻቸው። ካርም ስሕተት መሆኑን በዚያው በራዲዮ አመነ።

በዚህ በረራ ላይ እውነተኛ ሴራ ከተባለ ይህ ብቻ ነው፤ ከአንድ ቀን በላይም አልቆየ። መዘዙ ግን ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ ላይና ታች ያሉት ሰዎች እየተፈራሩ ነው የሚነጋገሩት። ቡድኑ «ደከመን» ብሎ ለመናገር አፈረ፤ ምድር ያሉትም ምን እንደ ተደበቀ እየጠረጠሩ ዝም አሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። በየማለዳው የዕለቱ መርሐ ግብር በቴሌፕሪንተር ይመጣላቸዋል። ረጅም የወረቀት ጥቅልል ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ በደቂቃ ተቆጥሮ ሰፍሮበታል። የፀሐይ ቴሌስኮፑ ዘንድ ይህን ያህል ደቂቃ፣ የደም ምርመራ ይህን ያህል፣ የምድር ፎቶግራፍ ይህን ያህል። መርሐ ግብሩን ያወጡት ሰዎች ፍጥነቱን የለኩት በሁለተኛው ቡድን የመጨረሻ ሳምንታት ነበር። ሰዎቹ ከለመዱ፣ እጃቸው ከተፍታታ በኋላ ማለት ነው። አዲስ መጪዎቹን ከመጀመሪያው ቀን በዚያ ፍጥነት ነዷቸው። እነዚህ ደግሞ ገና ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ዕቃው የት እንዳለም አያውቁም። ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ኖሮበት በለቀቀው ቤት ውስጥ ማንኪያ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ማንኪያው ሲነኩት የሚንሳፈፍ ሆኖ አስቡት።

አንዱ ሥራ ሲዘገይ ቀጣዩን ይገፋል፤ ቀጣዩ በጥድፊያ ይሠራና ይበላሻል፤ የተበላሸው እንደገና ይያዛል። በየአሥር ቀኑ ገደማ የዕረፍት ቀን ተመድቦላቸው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ግን የዘገየውን ሥራ ለመድረስ ሲሉ በሥራ ጨረሷቸው። በቀን 16 ሰዓት ሲሠሩ የነበሩባቸው ቀናት አሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም በምድር ያሉት ሰዎች ሰነፎች መሰሏቸው።

ራዲዮው መዘጋቱስ? ተረቱ የሚቆመው በዚህ ነጥብ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው።

ስካይላብ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር 93 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ ያሉት የመልእክት ማስተላለፊያ ሳተላይቶች በዚያን ዘመን አልነበሩም። ጣቢያው ከሂዩስተን ጋር የሚነጋገረው እዚህም እዚያም በተተከሉ የምድር ጣቢያዎች ላይ ሲያልፍ፣ ለጥቂት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር አብዛኛው በዝምታ ያልፋል። በዕቅድ የተያዘ ዝምታ ነው። ጊብሰን ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳብራራው፣ አንድ ቀን ሦስቱም ራዲዮውን ሳያዳምጡ አንድ ሙሉ ዙር አለፈ። ከሦስቱ አንዱ ማዳመጥ ነበረበት፤ እያንዳንዱ ሌላው የሚያዳምጥ መሰለው። ነገሩ ይህ ነው። የአንድ ቀን አድማ የተባለው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ያም በመዘንጋት።

የቀኑ ነገር ደግሞ አለ። በዚያው በ1973 ማርች ውስጥ ሉቦሽ ኮሁቴክ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሃምቡርግ ሆኖ አዲስ ጅራታም ኮከብ አግኝቶ ነበር። ኮከቡ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ቀን ታስቦ ሲታወቅ ዲሴምበር 28 ሆነ። አድማ ተመታበት የሚባለው ቀን! በገና ቀን፣ ዲሴምበር 25፣ ካርና ፖግ የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው ከጣቢያው ውጭ ሰባት ሰዓት ያህል ሠርተዋል፤ ካሜራቸውንም ወደዚሁ ኮከብ አዙረዋል። ዲሴምበር 29 ካርና ጊብሰን እንደገና ወጥተው ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይተዋል። ጊብሰን የኮከቡን መልክ በእጁ ሥሎታል። እንዲህ ያለ መውጫ ያለ ራዲዮ፣ ያለ ምድር ድጋፍ አይታሰብም። በሁለቱ መውጫዎች መካከል ሥራ አቁመው የተኮራረፉ ሰዎች ይህን እንዴት እንዳሰናዱት የአድማው ተራኪዎች አይነግሩንም።

እውነተኛው ክስተት የደረሰው ዲሴምበር 30 ምሽት ላይ ነው። ካር አስቀድሞ፣ እዚህ ላይ ግልጽ ንግግር ያስፈልገናል፣ ያለንበትን ንገሩን፣ እኛም እንነግራችኋለን የሚል መልእክት ልኮ ነበር። በዚያ ምሽት ጣቢያው ከአንዱ የምድር ጣቢያ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሁለቱ ወገኖች የልባቸውን ተነጋገሩ። በምድር በኩል ራዲዮውን የያዘው ሪቻርድ ትሩሊ ነበር። ካር የነገረው በአጭሩ ይህ ነው፤ እንዲህ ተጣድፎ መሥራት ለጥቂት ቀን ይቻላል፣ ለሙሉው የ84 ቀን በረራ አይቻልም። ከምግብ በኋላ የምንተነፍስበት፣ ከመኝታ በፊት የምንረጋጋበት ሰዓት ስጡን። ምድር ያሉት ደግሞ እናንተ ዝም ስላላችሁ የቻላችሁት መስሎን ጨመርንባችሁ አሉ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም ምንም አልዘጋ። ንግግሩ ለጋዜጠኞችም የተሰወረ አልነበረም።

የተስማሙበት ነገር ሲታይ ትንሽ ነው። ሰዓታቸው የግድ የሆኑ ሥራዎች፣ ለምሳሌ አንድን አገር ሲያልፉበት የሚነሣ ፎቶግራፍ፣ በሰዓታቸው ይቆያሉ። የቀረው፣ ጽዳቱም ጥገናውም፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ሰዎቹ ሲመቻቸው እያነሡ ይሠሩታል። በምግብ ሰዓትና ማታ ግን ሥራ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። ቡድኑ የዘገየውን ሥራ ደረሰበት፣ አልፎም ሄደ። 84 ቀን ሞልቶ ሲመለስ ከሰው ልጅ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ በጠፈር የቆየው እሱ ነበር፤ ሶቪየቶቹ ሮማኔንኮና ግሬችኮ በ96 ቀን እስኪበልጡት ድረስ ከአራት ዓመት በላይ አለፈ። ጃኑዋሪ 21 ቀን 1974 ጊብሰን በፀሐይ ቴሌስኮፑ መቆጣጠሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ የሚንቀሳቀስ አካባቢ ጠረጠረ። ፊልም ውድ ነው፣ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ቢሆንም በግምቱ ተማምኖ መቅረጫውን አስነሣ፤ የፀሐይ ነበልባል ከመነሻው ጀምሮ ሲፈነዳ ከጠፈር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጸ። መርሐ ግብሩ በደቂቃ እንደ ተሰፈረ ቢቆይ ኖሮ እዚያ ተቀምጦ የመጠበቅ ፋታ ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

የተመለሱት ፌብሯሪ 8 ቀን 1974 ነው። በእኛ የካቲት 1 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና መምህራን ያደረጉትን አድማ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፉም። የካቲትን ያየ ሰው ለመዘንጋት የአድማ ማዕረግ አይሰጥም። ባለታክሲዎቹ የነዳጅ ዋጋ አስቆጥቷቸው ሲቆሙ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የፈለጉትንም፣ የቆሙበትንም ቀን።

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? ሄንሪ ኩፐር የተባለ፣ ለኒው ዮርከር መጽሔት የሚጽፍ ጥሩ ጸሐፊ፣ በ1976 ስለ ስካይላብ ኑሮ መጽሐፍ አወጣ። የሦስተኛውን ቡድን መኮራረፍ ወደ ሥራ ማቆም አስጠግቶ ተረከው። ቀጥሎ የሃርቫርዱ ጽሑፍ መጣ። ከዚያ በኋላ የጻፉት አንዱ የአንዱን እየቀዱ ነው። ዋናው ቅጂ፣ የንግግሩ ግልባጭ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ሳለ! በ2008 ከስካይላብ ጠፈርተኞች ሁለቱ፣ ጋሪየትና ከርዊን፣ ከዴቪድ ሂት ጋር ባወጡት መጽሐፍ ነገሩን ቢያስተካክሉም ተረቱ አልሞተም።

ለመቀበልም መሬቱ ለስልሶ ነበር። ጥበበኞች ከዓለም ተለይተው የራሳቸውን ግዛት የሚያቆሙበት ታሪክ አንባቢው የሚወደው ነው። ዡል ቬርን በ1870 ካፒቴን ኔሞን ከባሕር ሥር አኖረው። በ1936 ከኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ታሪክ የተሠራው ፊልም በጦርነት የፈረሰውን ዓለም መቀመጫቸውን ባስራ ላደረጉ መሐንዲሶችና አብራሪዎች አስረከበ። ሮበርት ሃይንላይን በ1966 ጨረቃን በምድር ላይ አሳመፃት። ኧርሱላ ለግዊን የፊዚክስ ሊቋን ከአመፀኞች ዓለም ያስነሣችበት ልብ ወለድ የወጣው ደግሞ በዚያው በ1974 ነው። አንባቢው አመፀኛ ሳይንቲስቶችን በጠፈር ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጋዜጣው ያገኛቸውን ሦስት የደከሙ ሰዎች አቀረበለት።

የሚገርመው፣ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ ውስጥ ቅሬታ ያለው የሳይንቲስቶች ወገን በእርግጥ ነበር። በ1965 ስድስት ሳይንቲስቶች ለጠፈርተኝነት ተመረጡ፤ በ1967 ደግሞ አሥራ አንድ ተጨመሩ። የጨረቃ ጉዞዎች እየተሰረዙ፣ ቦታውም ለአብራሪዎች እየተሰጠ ሲሄድ፣ እነዚህ አሥራ አንዱ ራሳቸውን «ትርፎቹ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጨረቃን የረገጠ ሳይንቲስት ሃሪሰን ሽሚት ብቻ ነው፤ እሱም በመጨረሻው ጉዞ፣ በዲሴምበር 1972። ያኮረፉት ግን አላመፁም፤ ለቀቁ። ብራያን ኦሊሪ በ1968 ወጥቶ ስለ ነገሩ መጽሐፍ ጻፈ። የቀሩት ጠበቁ። ዊልያም ቶርንተን የተባለው ሐኪም በ1967 ተመርጦ የበረረው በ1983 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት!

ይህ ቶርንተን ለሁለተኛ ጊዜ የበረረው በኤፕሪል 1985 በቻሌንጀር መንኰራኩር ነበር። አብሮት ቴይለር ዋንግ የተባለ ሻንጋይ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ተሳፍሯል። ዋንግ ዓመታት የደከመበትን፣ በጠፈር የሚንሳፈፍ የፈሳሽ ጠብታን ባሕርይ የሚያጠናበትን መሣሪያ ይዞ ወጣ። ሲያበራው አልሠራም። ልጠግነው አለ፤ ምድር ያሉት አመነቱ፣ የበረራው ጊዜ ሰባት ቀን ብቻ ነዋ። ያን ጊዜ ዋንግ በራዲዮ የተናገረው አለ፤ የመጠገን ዕድል ካልሰጣችሁኝ አልመለስም የሚል።

ይህ ዛቻ ነው። ግልጽ፣ ከሳይንቲስት አፍ የወጣ እምቢታ ነው። ፈቀዱለት። ራሱን ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ቀብሮ፣ እግሮቹ ብቻ ወደ ውጭ እየታዩ፣ ጠገነው፤ ምርምሩንም ፈጸመ። ይህን አመፅ ብሎ ለሥራ አስኪያጆች ያስተማረ ትምህርት ቤት አላውቅም። ዋንግ የዛተው ሥራ ይጨመርልኝ ብሎ ነዋ! የስካይላብ ሦስቱ በትሕትና የጠየቁት ደግሞ ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ነበር። ለመሥራት የሚያምፅ ሰው ትጉህ ይባላል፤ ለማረፍ የሚለምን አመፀኛ። ይህ ሚዛን በጠፈር ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ስለ ቅጣቱ። ሦስቱ ዳግመኛ አልበረሩም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከጁላይ 1975 እስከ ኤፕሪል 1981 አንድም አሜሪካዊ ጠፈር አልወጣም፤ የሚወጣበት መንኰራኩር አልነበረም። በስካይላብ ከኖሩት ዘጠኝ ሰዎች እንደገና የበረሩት ዌትዝ፣ ሉዝማና ጋሪየት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ቡድን አዛዥ ፒት ኮንራድ፣ የሁለተኛው አዛዥ አለን ቢን፣ ሁለቱም ጨረቃን የረገጡ፣ በአድማ ማንም ያልጠረጠራቸው ሰዎች፣ እነሱም አልበረሩም። ጊብሰን በ1974 ናሳን ለቅቆ ነበር። በ1977 ተመልሶ ሲመጣ ተቀብለውታል፤ አድመኛ ቢሆን ባልተቀበሉት ነበር። በዲሴምበር 30 ምሽት በራዲዮው ወዲያኛ ጫፍ የነበረው ትሩሊ በ1989 የናሳ ዋና አስተዳዳሪ ሆነ። ዛሬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩት ሠራተኞችም ሰዓት ያልተቆረጠላቸው፣ ሲመቻቸው የሚያነሧቸው ሥራዎች የሰፈሩበት ዝርዝር አላቸው።